የታገደ መጽሐፍ ለምን ይከበራል? ስለ ማንበብ መብት ለሐዋሳ አንባቢ

በየዓመቱ መስከረም ገደማ አንድ ዓይነት ፎቶ በየስልካችን ይዞራል። መጻሕፍት በሰንሰለት ታስረው ወይም በካኪ ወረቀት ተጠቅልለው «የታገደ» የሚል ጽሑፍ ተለጥፎባቸዋል። አጠገባቸው ሰዎች ተሰልፈው ተራ በተራ ጮክ ብለው ያነባሉ። ቦታው አብዛኛውን ጊዜ የአሜሪካ ወይም የካናዳ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ነው።

ሐዋሳ ላይ ይህን ያየ ሰው ጥያቄ ቢያበዛ አይፈረድበትም። የታገደ ነገር እንዴት በዓል ይሆናል? ወላጅ «ይህ ለልጄ አይሆንም» የማለት መብት የለውም ማለት ነው? ደግሞስ መጽሐፍ እንደ ልብ በማይገኝበት ከተማ ስለ ታገደ መጽሐፍ ማውራት ቅንጦት አይደለም? የመጨረሻው ጥያቄ ከሁሉም የከበደ ይመስለኛል። እሱ ጋ እንደርሳለን። መጀመሪያ ነገሩ ራሱ ምን እንደሆነ እንይ።

ታዲያ የሚከበረው ምንድን ነው?

የሚከበረው መጽሐፉ አይደለም። እገዳውም አይደለም። የሚከበረው ሰው የሚያነበውን ራሱ የመምረጥ መብቱ ነው። በዝግጅቱ ላይ የሚነበበውን መጽሐፍ አዘጋጆቹ ራሳቸው ላይወዱት ይችላሉ። ወደዱትም ጠሉትም፣ አንባቢው አይቶ ይፍረድ ነው የሚሉት።

በጣም የታወቀው በአሜሪካ የሚካሄደው «የታገዱ መጻሕፍት ሳምንት» ነው። የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1982 ነው። በዚያ ዓመት በካሊፎርኒያ፣ አናሃይም ከተማ የመጽሐፍ ነጋዴዎች ትልቅ ዐውደ ርእይ ነበራቸው። አዘጋጆቹ መግቢያው ላይ ከብረት ፍርግርግ የተሠሩ ትልልቅ ሣጥኖች አቆሙ። ተቃውሞ የቀረበባቸውን 500 ያህል መጻሕፍት ውስጣቸው ደርድረው በቁልፍ ቆለፉባቸው። የገባ ሁሉ መጀመሪያ የሚያየው የተቆለፈበትን መጽሐፍ ሆነ። ነገሩ የሰው ዓይን ሳበ። በአሜሪካ የቤተ መጻሕፍት ማኅበር የንባብ ነፃነት ክፍልን ይመሩ የነበሩት ጁዲት ክሩግ ከሌሎች ጋር ሆነው ሐሳቡን ወደ ዓመታዊ ሳምንት አሳደጉት። ካናዳም ከ1984 ጀምሮ በፌብሩዋሪ ወር የራሷን የማንበብ ነፃነት ሳምንት ታከብራለች።

ዝግጅቱ ቀላል ነው። አንድ ጠረጴዛ ላይ መጻሕፍት ይደረደራሉ። እያንዳንዱ ጋ ትንሽ ካርድ አለ፤ የት፣ መቼ፣ በምን ምክንያት እንደተነሣ ተጽፎበታል። ሰው ካርዱን ያነብና መጽሐፉን ይገልጣል። ከዚያ ንባብ አለ፣ ውይይት አለ፣ ደራሲ ከተገኘም ጥያቄ ይጠየቃል። ድግስና ሰልፍ የለበትም።

«ታገደ» ሲባል መንግሥት ከለከለው ማለት ነው?

አሜሪካን በተመለከተ አብዛኛውን ጊዜ አይደለም። ብዙው ሰው ግራ የሚጋባው እዚህ ላይ ነው።

እዚያ የታገደ የሚባለው መጽሐፍ ከአንድ ትምህርት ቤት ወይም ከአንድ የሕዝብ ላይብረሪ መደርደሪያ የተነሣ ነው። በዚያው ከተማ መጽሐፍ መደብር ውስጥ ሊሸጥ ይችላል። ስለዚህ ደረጃዎቹን እንለያቸው። አንድ ሰው «ይህ ይነሣልኝ» ብሎ ሲያመለክት ተቃውሞ ቀረበ ይባላል። አመልካቹ ተሳክቶለት መጽሐፉ ከመደርደሪያ ሲወጣ ተነሣ ይባላል። መንግሥት በመላው አገር እንዳይታተምና እንዳይሸጥ ሲከለክል ግን ሙሉ እገዳ ነው። እኛ በታሪካችን የምናውቀው በአብዛኛው ይህን የመጨረሻውን ስለሆነ፣ «የታገደ» የሚለውን ስንሰማ ወዲያው ወደዚያ እንሄዳለን።

«መደብር ካለ ምን ጠፋ?» የሚል አይጠፋም። መልሱ ያለው የአንባቢው ኪስ ውስጥ ነው። ገንዘብ ያለው ይገዛል። የሌለው ላይብረሪ ነበር ያለው። መጽሐፍ ከሕዝብ መደርደሪያ ሲነሣ የሚጎዳው መግዛት የማይችለው ነው።

መጽሐፍ እንዴት ከመደርደሪያ ይነሣል?

አንድ እውነተኛ ታሪክ ነገሩን ከማንኛውም ትርጉም በተሻለ ያሳያል። ቦታው ኒውዮርክ ግዛት ውስጥ አይላንድ ትሪስ የሚባል የትምህርት ወረዳ ነው። እ.ኤ.አ. በ1975 የወረዳው የትምህርት ቦርድ አባላት አንድ የወላጆች ቡድን ያዘጋጀው ስብሰባ ላይ ተገኙ። እዚያ «አግባብ ያልሆኑ» የተባሉ መጻሕፍት ዝርዝር ተሰጣቸው። ሲመለሱ ሁለቱ አባላት ማታ ወደ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ ላይብረሪ ገብተው የካርድ ካታሎጉን ፈተሹ። ዝርዝሩ ውስጥ ካሉት 9ኙ እዚያ ተገኙ። ቦርዱ እንዲነሡ አዘዘ።

ቆይቶ ቦርዱ ራሱ ከወላጆችና ከትምህርት ቤት ሠራተኞች አንድ ኮሚቴ አቋቋመ። ኮሚቴው መጻሕፍቱን አነበበ። የተወሰኑት ይመለሱ አለ። ቦርዱ ግን የኮሚቴውን ምክር በአብዛኛው ወደ ጎን አደረገው። ስቲቨን ፒኮ የሚባል የ17 ዓመት ተማሪ ከሌሎች ተማሪዎች ጋር ሆኖ ከሰሰ። ጉዳዩ እስከ አገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሄደ። በ1982 ዳኞቹ 5 ለ 4 በሆነ ድምፅ ለተማሪዎቹ ፈረዱ። አምስቱም በምክንያቱ ሙሉ በሙሉ አልተስማሙም። ዋናው አስተያየት ግን ግልጽ ነበር። ቦርድ መጽሐፍ ውስጥ ያለውን ሐሳብ ስላልወደደው ብቻ ከትምህርት ቤት ላይብረሪ ሊያወጣው አይችልም። የታገዱ መጻሕፍት ሳምንት የተጀመረውም በዚሁ ዓመት ነው።

ከዚህ ታሪክ እኔን የሚያስጨንቀኝ ዝርዝሩ ነው። ሰዎቹ መጽሐፍ አንብበው አልተቆጡም። መጀመሪያ ዝርዝር ደረሳቸው፣ ከዚያ ፍለጋ ወጡ። ዛሬም ከዚህ ብዙ አልራቀም። የአሜሪካ የቤተ መጻሕፍት ማኅበር በ2023 ተቃውሞ የቀረበባቸው 4,240 የተለያዩ መጻሕፍት መዝግቧል። ማኅበሩ ይህን መከታተል ከጀመረ ወዲህ ከፍተኛው ቁጥር ነው። በ2024 ወደ 2,452 ወርዷል። በዚያ ዓመት ከቀረቡት ጥያቄዎች ግለሰብ ወላጆች ያቀረቡት 16 በመቶውን ነው። 72 በመቶው የመጣው ከተደራጁ ቡድኖች፣ ከባለሥልጣናትና ከመንግሥት አካላት ነው። «የተቆጡ ወላጆች» ተብሎ የሚወራው እንግዲህ የታሪኩ ትንሹ ክፍል ነው።

መቃወም ራሱ ክልክል ነው?

ፈጽሞ። ቅሬታ ማቅረብ የአንባቢ መብት ነው። በደንብ የተደራጀ ላይብረሪ ለዚህ ፎርም አለው። ፎርሙ ላይ የሚጠየቀው ነገር ራሱ አስተማሪ ነው። መጽሐፉን በሙሉ አንብበዋል? ያሳሰበዎት የትኛው ገጽ ነው? በዚህ ርእስ ላይ በምትኩ የሚመክሩት ሌላ መጽሐፍ አለ?

ፎርሙ ሲገባ ሠራተኞችና አንባቢዎች ያሉበት ትንሽ ኮሚቴ መጽሐፉን ከዳር እስከ ዳር ያነበዋል። አንድ ገጽ ተቀንጭቦ አይፈረድበትም። ላይብረሪው ሲገዛው የተከተለው የጽሑፍ መመሪያ ይታያል። ውሳኔው በጽሑፍ ይሰጣል፤ ቅር ያለው ይግባኝ ይላል። ይህ ሁሉ እስኪያልቅ መጽሐፉ ከመደርደሪያው አይነሣም።

ትልቁ ቁም ነገር ይህ የመጨረሻው ነው። ቅሬታ በቀረበ ቁጥር መጽሐፍ የሚነሣ ከሆነ ላይብረሪው በመጀመሪያው ጯሂ ይመራል። ነገ ደግሞ ሌላ ጯሂ ይመጣል። የአንዱ ሃይማኖት ሰው የሌላውን መጽሐፍ፣ የአንዱ ፓርቲ ደጋፊ የሌላውን፣ አንዱ ብሔር የሌላውን ታሪክ ያስነሣል። ሐዋሳን የመሰለ፣ ከየአቅጣጫው የመጣ ሰው ጎን ለጎን የሚኖርበት ከተማ ውስጥ በዚህ መንገድ ምን መጽሐፍ እንደሚተርፍ አስቡት።

ልጆቻችንስ?

ይህ የልብ ጥያቄ ነው፤ በቀልድ የሚታለፍ አይደለም። ለስምንት ዓመት ልጅ የማይሆን መጽሐፍ አለ። ላይብረሪዎችም ይህን ያውቃሉ። ስለዚህ ነው የሕፃናት ክፍል፣ የወጣቶች ክፍልና የአዋቂዎች ክፍል ለየብቻ የሚሆነው።

አሞራ ገደል ሄዳችሁ ታውቃላችሁ። ጥሬ ዓሣ የሚበላ አለ፤ ጭራሽ የማይቀርብ አለ። የማይስማማው ጥብስ ያዛል። ለልጁም «አትንካ» ይላል፤ አባትነቱ ነው። ገበያው ለሁሉም ይዘጋልኝ ብሎ ግን አያመለክትም። የሚያነበውን ነገር በተመለከተም ወላጅ ለልጁ የመወሰን መብቱ ሙሉ ነው። መብቱ የሚያበቃው ለጎረቤት ልጅ መወሰን ሲጀምር ነው። የጎረቤቱ ልጅ የራሱ እናት አለችው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። ልጅን ከሚጎዳው ንባብ የሚጠብቀው ወላጁ አብሮት ማንበቡ ነው። «ምን አነበብሽ? ምን ገባሽ?» የሚል ሰው ቤት ውስጥ ካለ ከባድ መጽሐፍም ወደ ጥሩ ጨዋታ ይለወጣል።

ላይብረሪው ራሱ ሲመርጥ ሳንሱር አላደረገም?

ጥሩ ጥያቄ ነው። ማንም ላይብረሪ ሁሉንም መጽሐፍ አይገዛም። በጀት አለ፣ ቦታ አለ። ልዩነቱ ሠራተኛው የሚጀምርበት ጥያቄ ላይ ነው። መራጭ «ለአንባቢዎቼ የሚጠቅም ምን ላስገባ?» ይላል። ሳንሱር የሚያደርግ ደግሞ «ሰው እንዳያየው ምን ላውጣ?» ይላል። የጽሑፍ መመሪያ ካለ የትኛው እንደሆነ መለየት ይቻላል። ከሌለ ሁሉም ነገር በአንድ ሰው ፍላጎትና ፍርሃት ይወሰናል። የሚፈራ ሠራተኛ ደግሞ ማንም ሳያዘው ራሱ ይተዋል። ፎርም አልተሞላም፣ ውሳኔ አልተጻፈም፤ መጽሐፉ ብቻ የለም። ከሁሉም ለመያዝ የሚያስቸግረው ሳንሱር ይህ ነው።

የእኛ ሕግ ምን ይላል?

የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት በ1948 እ.ኤ.አ. የሰብአዊ መብቶችን ሁለንተናዊ መግለጫ ሲያጸድቅ ድጋፍ ከሰጡት 48 አገሮች አንዷ ኢትዮጵያ ነበረች። የመግለጫው አንቀጽ 19 ሐሳብን የመግለጽ መብትን ብቻ አይደለም የሚያነሣው። መረጃንና ሐሳብን መፈለግንና መቀበልንም ይጨምራል። የማንበብ መብት የሚባለው ይህ «መቀበል» የሚለው ግማሽ ነው። ተናጋሪ ኖሮ ሰሚ ከተከለከለ መብቱ ጎደሎ ነው።

በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥታችን አንቀጽ 29 ተመሳሳይ ነገር ይዟል። ማንኛውም ሰው ማንኛውንም ዓይነት መረጃና ሐሳብ፣ በአገር ውስጥም ሆነ ከአገር ውጭ፣ በቃልም በጽሑፍም በሕትመትም የመሰብሰብ፣ የመቀበልና የማሰራጨት ነፃነት አለው። ቅድመ ምርመራም በማንኛውም መልኩ የተከለከለ ነው። ቅድመ ምርመራ ማለት ጽሑፍ ከመታተሙ በፊት ለመንግሥት ቀርቦ ፈቃድ መጠየቅ ነው።

ገደብ የለውም ማለት አይደለም። ያው አንቀጽ የወጣቶችን ደኅንነት፣ የሰዎችን ክብርና መልካም ስም ለመጠበቅ በሕግ ገደብ ሊጣል እንደሚችል ይናገራል። የጦርነት ቅስቀሳና የሰውን ክብር የሚነኩ ንግግሮችም በሕግ ይከለከላሉ። ነገር ግን ገደቡ የሚመጣው በሕግ ነው፤ የሚፈርደውም ፍርድ ቤት ነው። አንድ ኃላፊ ጠዋት ተነሥቶ «ይህን አልወደድኩትም» ስላለ አይደለም። ሐሳቡ ስለማይጥም ብቻ መገደብ እንደማይቻል አንቀጹ ራሱ ይገልጻል።

ከዚህ በፊትስ እንዴት ነበር?

ወረቀት ላይ ያለ መብትና መደርደሪያ ላይ ያለ መጽሐፍ እኩል ሆነው አያውቁም። በ1948 ዓ.ም. የተሻሻለው የንጉሠ ነገሥቱ ሕገ መንግሥትም በሕግ መሠረት የመናገርና የሕትመት ነፃነት እንዳለ ይናገር ነበር። በዚያው ዘመን ረቂቅ ማተሚያ ቤት ከመግባቱ በፊት ሳንሱር ክፍል ይታያል። የአቤ ጉበኛ «አልወለድም» በ1955 ዓ.ም. ታትሞ ታገደ።

ደርግም ሳንሱሩን አጠበቀው እንጂ አልተወውም። የበዓሉ ግርማን «ኦሮማይ» የማያውቅ አንባቢ ጥቂት ነው። በዓሉ በማስታወቂያ ሚኒስቴር ከፍተኛ ኃላፊ ነበር። ደርግ በኤርትራ ስላካሄደው የቀይ ኮከብ ዘመቻ ያየውን ይዞ ልብ ወለድ ጻፈ። መጽሐፉ በ1975 ዓ.ም. በኩራዝ አሳታሚ ወጣ። ብዙም ሳይቆይ ከገበያ ተሰበሰበ። ደራሲው ከሥራው ተባረረ። የካቲት 1976 ዓ.ም. ከቤቱ እንደወጣ አልተመለሰም። መጽሐፉ ግን በድብቅ ከእጅ ወደ እጅ እየዞረ ተነበበ፤ ከደርግ ውድቀት በኋላም እንደገና ታተመ። ዛሬ ጎረምሶች ፒያሳ ከመጽሐፍ አዟሪ ክንድ ላይ መዘው ዋጋ ይጠይቁበታል። ደራሲውን ግን የመለሰው የለም። ስለ ማንበብ መብት ሲወራ እኛ የምናስበው ሰው አለን፤ ከሩቅ አገር መበደር አያስፈልገንም።

ሳንሱር በሕግ የተከለከለው በ1985 ዓ.ም. በወጣው የፕሬስ አዋጅ ነው። ሕገ መንግሥቱ ከሁለት ዓመት በኋላ አጸናው።

ሐዋሳ ላይ ከማንበብ የሚያግደን ምንድን ነው?

አሁን ወደ ከባዱ ጥያቄ መጣን። እውነቱን ለመናገር የአብዛኛው አንባቢ ችግር የታገደ መጽሐፍ አይደለም። የሌለ መጽሐፍ ነው።

በአገራችን የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት የሚሆነውን አስቡ። ጠዋት ሲከፈት ወንበሩን የሚሞላው የ12ኛ ክፍል ተፈታኝ ነው። ደብተሩንና ያለፉ ዓመታት ፈተናዎችን ይዞ ይመጣል። የሚፈልገው ጸጥ ያለ ቦታና መብራት ነው። ይህም ትልቅ አገልግሎት ነው፤ ቤቱ ውስጥ ለማጥናት የሚመች ጥግ የሌለው ብዙ ልጅ አለ። ግን ቀኑን ሙሉ መደርደሪያውን ሳይነካ የሚወጣው ይበዛል። ዩኒቨርሲቲው የራሱ ቤተ መጻሕፍት አለው፤ እሱ በዋናነት ለተማሪዎቹ ነው። ለባጃጅ ሾፌሩ፣ ለፀጉር ሠሪዋና ለጡረተኛው መምህር ታስቦ የተሠራ አይደለም።

ከዚያ የተዘጋ መደርደሪያ የሚባል ነገር አለ። በብዙ ቦታ አንባቢ ራሱ ገብቶ መጽሐፍ አይመርጥም። መታወቂያ ያስይዛል፣ የመጽሐፉን ርእስ ወረቀት ላይ ይጽፋል፣ ሠራተኛዋ ታመጣለታለች። ምክንያቱ ይገባኛል። መጽሐፍ ይሰረቃል፣ ገጽ ይገነጠላል፣ ንብረቱም በሠራተኛዋ ስም የተመዘገበ ነው፤ ከጠፋ ዕዳው የእሷ ነው። ግን ውጤቱን እንይ። ርእሱን አስቀድሞ የማያውቅ ሰው መጠየቅ አይችልም። መደርደሪያ ሥር ቆሞ ያላሰበውን መጽሐፍ ማግኘት የሚባለው ደስታ ይቀርበታል። መጠየቅ የሚያሳፍር ርእስ ሲሆን ደግሞ ጭራሽ ይተወዋል።

የተውሶ መዝገቡም እንዲሁ ነው። ትልቅ መዝገብ ባንኮኒ ላይ ተዘርግቶ ይውላል። ቀን፣ ሙሉ ስም፣ የመጽሐፍ ርእስ፣ ፊርማ። ቀጥሎ የሚፈርመው ሰው ከላይ ያሉትን ሁሉ ያነባል። አንዲት ወጣት ስለ ኤችአይቪ ወይም ስለ ፍቺ ሕግ መጽሐፍ ብትወስድ ስሟ ከርእሱ ጎን ቁልጭ ብሎ ይታያል። ሐዋሳ ትልቅ ከተማ ብትሆንም ሰው ይተዋወቃል። ልጅቷ መጽሐፉን ትታው ትወጣለች። ማንም አልከለከላትም፤ ግን አላነበበችም። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 26 የግል ሕይወት መከበርን ያረጋግጣል። የምናነበው ነገር ከግል ሕይወታችን ውስጥ ካልተቆጠረ ምን እንደሚቆጠር አላውቅም።

ቋንቋውን ደግሞ አንርሳ። ሐዋሳ ውስጥ አማርኛ ይነገራል፤ ሲዳሙ አፎ ይነገራል፤ ወላይትኛና ሌሎችም አሉ። ሲዳሙ አፎ በላቲን ፊደል የሚጻፍ፣ ትምህርት ቤት የሚሰጥ ቋንቋ ነው። በአፍ መፍቻ ቋንቋው ማንበብ የለመደ ልጅ የክፍል መጽሐፉን ሲጨርስ ቀጥሎ የሚያነበው ተረት፣ ታሪክና ልብ ወለድ ያስፈልገዋል። የዩኔስኮና የዓለም አቀፉ የቤተ መጻሕፍት ማኅበራት ፌዴሬሽን የጋራ መግለጫ ይህን በግልጽ ይናገራል። መግለጫው መጀመሪያ በ1949 እ.ኤ.አ. ወጥቶ በመጨረሻ የታደሰው በ2022 ነው። የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ዕድሜ፣ ጾታ፣ ሃይማኖት፣ ቋንቋ ሳይለይ ለሁሉም እኩል ያገለግላል ይላል። ስብስቡም ለርእዮተ ዓለም፣ ለፖለቲካ ወይም ለሃይማኖት ሳንሱር አይገዛም።

ዓይነ ስውራንን በተመለከተ አንድ ጥሩ ዜና አለ። በ2013 እ.ኤ.አ. ማራካሽ ላይ የተፈረመ ዓለም አቀፍ ስምምነት አለ። የታተመ መጽሐፍን የባለመብቱን ፈቃድ ሳይጠይቁ ወደ ብሬል ወይም ወደ ድምፅ መለወጥና ከአገር አገር መለዋወጥ ያስችላል። ኢትዮጵያም ተቀብላዋለች። ማለትም ሕጉ መንገዱን ከፍቷል፤ የቀረው የሚቀርጽ ሰውና መሣሪያ ነው። ስልክ ያለው በጎ ፈቃደኛ ተማሪ ጸጥ ያለ ክፍል ውስጥ ቁጭ ብሎ መጀመር ይችላል። ሥራውን ማኅበር ወይም ላይብረሪ ካስተባበረው ደግሞ የተሻለ ነው፤ ስምምነቱ የተሰናዳው ለእንዲህ ዓይነት ተቋማት ነው።

እንዲህ ያለ ዝግጅት ሐዋሳ ላይ ቢደረግ ምን ይመስላል?

ሰንሰለቱን መቅዳት አያስፈልግም። ቀኑ አለ፤ ሴፕቴምበር 28 በተባበሩት መንግሥታት ድርጅት የታወቀ፣ መረጃን ሁሉም የማግኘት መብት ያለው መሆኑ የሚታሰብበት ዓለም አቀፍ ቀን ነው። ለእኛ መስቀል የሚከበርበት ሰሞን፣ ትምህርት የሚከፈትበት ጊዜ ነው። ቦታም አይጠፋም። ጉዱማሌ ጥላ ሥር አንድ ከሰዓት በኋላ ይበቃል።

ዋናው ነገር ጠረጴዛው ላይ የሚቀርበው ነው። በየዘመኑ የታገዱ የአገራችን መጻሕፍት ከነታሪካቸው ይቅረቡ። ከጎናቸው የተለያየ አመለካከት ያላቸው መጻሕፍት ይሁኑ፤ አንዱን ወገን ብቻ የሚያስደስት ጠረጴዛ የማንበብ ነፃነትን አያሳይም። ንባቡ በአማርኛም በሲዳሙ አፎም ይሁን። ወላጆች ይጋበዙ፤ የሚቃወም ሰውም ማይክ ይሰጠው። ልጆች የራሳቸው ጥግና የራሳቸው ተረት ይኑራቸው።

ሰዉ ሲበተን ግን ላይብረሪው የሚያስቀረው ነገር ካልኖረ ዝግጅቱ ከፎቶ አያልፍም። ብዙ ገንዘብ የማይጠይቁ ነገሮች አሉ። አንድ መደርደሪያ ሰው በነፃነት ገብቶ እንዲገልጥ ክፍት ይደረግ፤ ኪሳራው ስንት እንደሆነ በዓመቱ መጨረሻ ይቆጠር። የጠፋውን መጽሐፍ ከሠራተኛዋ ደመወዝ የሚቆርጠው አሠራር ይታይ፤ ዕዳው እሷ ላይ እያለ በሩን ትከፍታለች ማለት ዘበት ነው። የተውሶ መዝገቡ ለእያንዳንዱ አንባቢ በየካርዱ ይሁን። መጽሐፍ እንዴት እንደሚመረጥና ቅሬታ እንዴት እንደሚታይ አንድ ገጽ ይጻፍና ግድግዳ ላይ ይለጠፍ። አሜሪካኖቹም የጀመሩት በዚህ ነው። እ.ኤ.አ. በ1938 በአዮዋ ግዛት የዴሞይን ከተማ ላይብረሪ ኃላፊ ፎረስት ስፖልዲንግ አጭር የመብት መግለጫ ጻፉ፤ በዓመቱ የአገሪቱ ማኅበር የራሱ አድርጎ ተቀበለው።

ከእኛ ከአንባቢዎቹ የሚጠበቀውም ቀላል ነው። በሚቀጥለው ጊዜ ላይብረሪ ስትገቡ ባንኮኒው ጋ ቆም በሉና የምትፈልጉትን መጽሐፍ ርእስ ጽፋችሁ «ይገዛልን» ብላችሁ ስጡ። የለም ቢሏችሁም ወረቀቱ እንዲቀመጥ ጠይቁ። የበጀት ሰሞን ኃላፊው እጅ ላይ እንዲህ ያለ አርባ ወረቀት ካለ፣ ምን ይገዛ የሚለው ክርክር አንባቢ ባለበት ይደረጋል።